በእኩዮቻችሁ ዳፋ አትክፈሉ፦ ለወጣት አሽከርካሪዎች የመኪና ኢንሹራንስ ማቅለያ መመሪያ

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። መኪናዋን ገዝቻለሁ፣ አጥቤያለሁ፣ በር ላይ አቁሜያለሁ። የቀረኝ ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ደወልኩ። የተነገረኝን ቁጥር ስሰማ "ይቅርታ፣ የስንት ዓመት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። የአንድ ዓመት ነበር።

ያኔ ጥፋቱን ሁሉ በኩባንያው ላይ ደፋሁ። አሁን ሳስበው ግን ቅደም ተከተሉን የገለበጥኩት እኔው ነኝ። መጀመሪያ ዋጋ ይጠየቃል፣ ከዚያ መኪና ይገዛል። እናንተ እንዳትገለብጡት ነው ይህን የምጽፈው።

ለምን ይህን ያህል ይወደዳል?

ኢንሹራንስ ኩባንያ እናንተን አያውቃችሁም። የሚያውቀው እኩዮቻችሁን ነው። በእናንተ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ስንት ጊዜ እንደተጋጩ፣ ስንት ካሳ እንዳስወጡ መዝገብ አለው። መዝገቡ ደግሞ ደስ አይልም። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ አሽከርካሪዎች ሰው የሚሞትበት አደጋ የሚገጥማቸው፣ በነዱት ርቀት ሲሰላ፣ ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ሌሊት መንዳትና መኪናውን በጓደኞች መሙላት ነገሩን ያብሱታል። ስለዚህ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ብትሆኑ፣ በመጀመሪያው ዓመት የምትከፍሉት በእኩዮቻችሁ ዳፋ ነው።

ይህን መራገም አረቦኑን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉትን ዋጋ፣ አይቀንሰውም። የሚቀንሰው ኩባንያው ከመንጋው ለይቶ እንዲያያችሁ ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች አብዛኞቹ ወደዚያ የሚወስዱ ናቸው።

አንዳንዱ ነገር ከእጃችሁ ውጭ ነው። ዕድሜ አይቀየርም። ጾታ በአንዳንድ አገር ይቆጠራል፣ በሌላው አይቆጠርም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 21 ቀን 2012 ጀምሮ በአዲስ ውል ላይ ወንድና ሴትን በጾታቸው ምክንያት የተለያየ አረቦን ማስከፈል ቀርቷል። የካሊፎርኒያ መራጮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ያጸደቁት ሕግ የመኪና አረቦን ሲተመን ሦስት ነገሮች እንዲቀድሙ ያዛል፦ የአነዳድ ታሪክ፣ በዓመት የሚነዳ ርቀት እና የልምድ ዓመታት። የትም ብትኖሩ እነዚህን ሦስቱን ያዙ። ሁለቱ በእጃችሁ ናቸው፤ ሦስተኛው በትዕግሥት ይመጣል።

እርምጃ 1፦ መኪናውን ሳትገዙ ዋጋ ጠይቁ

ልትገዙ ካሰባችኋቸው መኪኖች ሦስት ወይም አራት ምረጡ። የእያንዳንዱን ሞዴል፣ የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን መጠን ይዛችሁ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ደውሉ። "ይህን መኪና ብገዛ በዓመት ስንት ትሉኛላችሁ?" በሉ። ለመጠየቅ መኪናው የእናንተ መሆን የለበትም። በመግዣ ዋጋ የሚቀራረቡ ሁለት መኪኖች በአረቦን ተራርቀው ታገኟቸዋላችሁ።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ትልቅ ሞተር እንደሚያስወድድ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው የጥገናውን ነገር ነው። የፊት መብራቱ ብቻውን የሰው ወር ደመወዝ የሚበላ መኪና አለ። አዳዲሶቹ መኪኖች በመስታወታቸውና በመከላከያቸው ላይ ካሜራና ሴንሰር አላቸው፤ መስታወት በተቀየረ ቁጥር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፣ ያም ያስከፍላል። መለዋወጫው የሚጠፋ ወይም ሌባ የሚወደው ሞዴልም ዋጋው ይከብዳል። በብሪታንያ ይህ ሁሉ ተደምሮ መኪኖች ለረጅም ጊዜ ከ1 እስከ 50 በቁጥር ሲመደቡ ኖረዋል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ለኢንሹራንስ ይረክሳሉ። በምትኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ምድብ ካለ ከመግዛታችሁ በፊት ተመልከቱት።

"እንግዲያው በጣም ትንሿንና በጣም አሮጌዋን ልግዛ" እንዳትሉ። አዲስ አሽከርካሪ ሁሉ የሚሮጥላት ትንሽ መኪና የግጭት መዝገቧ በጀማሪዎች የተሞላ ሊሆን ይችላል። በጣም አሮጌዋ ደግሞ የደህንነት ዕቃ ይጎድላታል። መካከለኛ ዕድሜ ያላት፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ የሚገኝ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት መኪና ብዙ ጊዜ ታሸንፋለች። አታምርም፣ አውቃለሁ።

ሞዲፋይ የተደረገ መኪናም ይቅርባችሁ። ዝቅ የተደረገ፣ ጭስ ማውጫው የሚያጓራ፣ ሞተሩ የተነካካ መኪና አረቦን ያስወድዳል። ሳይነግሯቸው ቀርቶ በኋላ ሲደረስበት ደግሞ ካሳ ያስከለክላል። የቀድሞው ባለቤት የሠራው ቢሆንም የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ስትገዙ ምን እንደተቀየረ ጠይቁ።

እርምጃ 2፦ የሽፋኑን ዓይነት ምረጡ

በጥቅሉ ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ነው፤ በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት ይከፍላል፣ የእናንተን መኪና አያይም። በብዙ አገር በሕግ የሚገደደው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው እሱን ይዞ እሳትና ስርቆትን ይጨምራል። ሦስተኛው ሙሉ ሽፋን ነው፤ የራሳችሁን መኪናም ያካትታል።

ሦስተኛ ወገን ብቻ መግባት ሁልጊዜ ይረክሳል ብላችሁ አትደምድሙ። በብሪታንያ ለወጣቶች ሙሉ ሽፋን ከሦስተኛ ወገን የሚረክስበት ጊዜ አለ። ነገሩ ግራ ቢመስልም ምክንያት አለው። ትንሹን ሽፋን የሚመርጡት አሽከርካሪዎች በብዛት የሚጋጩት ሆነው ስለተገኙ፣ ምርጫው ራሱ አስጠርጣሪ ሆነ። እንግዲህ ለሦስቱም ዋጋ ጠይቁ። ጥያቄ አያስከፍልም።

ውሳኔው እንዲህ ነው። በሙሉ ሽፋንና በሦስተኛ ወገን መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት አስሉ። ከዚያ መኪናዋ ዛሬ ብትሸጥ ስንት እንደምታወጣ እዩ። የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነት የመኪናዋን ዋጋ የሚያክል ከሆነ፣ ሙሉ ሽፋኑን ትታችሁ ገንዘቡን ለመጠገኛ ብታስቀምጡ ይሻላል። መኪናዋ ብትወድም መተኪያ ከሌላችሁና ሥራችሁም በእሷ ላይ ከሆነ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። በብድር የተገዛች ከሆነች ደግሞ አበዳሪው ሙሉ ሽፋን ይጠይቃል፤ ምርጫ የላችሁም።

የመኪናዋን ዋጋ ስታስመዘግቡ እውነተኛውን ጻፉ። አንዳንዱ አረቦን ለማሳነስ ዋጋውን ቆርጦ ያስመዘግባል። ይህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። በአንዳንድ ውል ከዋጋ በታች የተመዘገበ ንብረት ካሳው በዚያው መጠን ይቆረጣል። 100 የምታወጣ መኪና በ50 ተመዝግባ 20 የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስባት፣ የምታገኙት 10 ይሆናል። አስበልጦ ማስመዝገብም አይጠቅምም፤ ኩባንያው የሚከፍለው ብዙ ጊዜ በአደጋው ቀን የነበረውን የገበያ ዋጋ ነው። በየዓመቱ ስታድሱ ዋጋውን አስተካክሉ።

እርምጃ 3፦ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት አወዳድሩ

ቢያንስ ከአምስት ቦታ ዋጋ ሰብስቡ። ሁሉንም በተመሳሳይ መረጃ ጠይቁ፦ ተመሳሳይ ሽፋን፣ ተመሳሳይ ኪሎ ሜትር፣ ተመሳሳይ የራስ ድርሻ (አደጋ ሲደርስ ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት ክፍል፤ እርምጃ 7 ላይ አለ)። አለበለዚያ ብርቱካንን ከሎሚ ጋር ነው የምታወዳድሩት። ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። ከዋጋው ጎን ሁልጊዜ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ "የማይሸፍነው ምንድን ነው?" ርካሽ የሆነው ውል የረከሰበት ምክንያት እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። ሽፋኑ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው የሚደውል ሰው ብዙ ጊዜ ይወደድበታል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ቀድሞ የሚያስብ ሰው ቀስ ብሎ የሚነዳ ነው ብለው ይገምታሉ። እውነት ይሁን አይሁን፣ ተጠቀሙበት።

ውሉ ራሱን በራሱ የሚታደስ ከሆነ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የቆየ ደንበኛ ይከበራል የሚባለው በኢንሹራንስ ቤት ሁልጊዜ አይሠራም። በብሪታንያ የቆዩ ደንበኞች ከአዲስ ደንበኛ በላይ ሲከፍሉ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተከልክሏል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር ጠባቂያችሁ ራሳችሁ ናችሁ። ከሌላ ቦታ ያገኛችሁትን ዋጋ ይዛችሁ ደውሉና "እነዚያ ይህን ብለውኛል፤ እናንተስ?" በሉ። ብዙዎቹ ይቀንሳሉ።

እርምጃ 4፦ ልምድ ያለው ሰው ውሉ ላይ አስገቡ፤ ግን ሳትዋሹ

በወላጆቻችሁ ውል ላይ እንደ ተጨማሪ አሽከርካሪ መግባት ለብቻ ከመግባት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በአሜሪካ ወጣቶች በአብዛኛው የሚጀምሩት እንዲህ ነው። የራሳችሁ ውል ካላችሁ ደግሞ መኪናውን አልፎ አልፎ የሚነዳ፣ ንጹሕ መዝገብ ያለው ታላቅ ወንድም ወይም እናት ስማቸው ቢጨመር አረቦኑ ሊወርድ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በየቀኑ የምትነዱት እናንተ ሆናችሁ "ዋናው አሽከርካሪ አባቴ ነው" ካላችሁ ማጭበርበር ነው። በብሪታንያ የራሱ ስም አለው፣ "ፍሮንቲንግ" ይሉታል። ሲደረስበት ውሉ ይሰረዛል፣ ካሳ ይከለከላል፣ አባትየውም አብረው ይጠየቃሉ። ኩባንያዎቹ ደግሞ ይህን ለማወቅ አይቸገሩም። አደጋ ደርሶ ሲጣራ፣ መኪናዋ ሁልጊዜ የእናንተ ትምህርት ቤት በር ላይ እንደምትቆም ጎረቤት ይመሰክራል።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ "በሌላ ሰው ውል ላይ ተጨማሪ ሆኜ የነዳሁባቸው ዓመታት ለእኔ ይቆጠሩልኛል?" አንዳንድ ኩባንያዎች ይቆጥራሉ፣ አንዳንዶቹ አይቆጥሩም። የማይቆጠር ከሆነ ዛሬ ትንሽ እያተረፋችሁ የራሳችሁን መዝገብ የምትጀምሩበትን ቀን እያራቃችሁ ነው። አምስት ዓመት ነድቶ እንደ ጀማሪ የሚከፍል ሰው አለ።

እርምጃ 5፦ ብላክ ቦክስ ወይም አፕ፤ ከመንጋው የሚለያችሁ መሣሪያ

ከሁሉም በላይ ወጣትን የሚጠቅመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቴሌማቲክስ ይባላል። መኪናው ላይ ትንሽ ሳጥን ይገጠማል፣ ወይም ስልክ ላይ አፕ ይጫናል። ከዚያ ፍጥነታችሁን፣ ፍሬን አያያዛችሁን፣ ነዳጅ አረጋገጣችሁን፣ ኩርባ ላይ እንዴት እንደምትዞሩ፣ በየትኛው ሰዓት እንደምትነዱ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ይመዘግባል። አንዳንዱ እየነዳችሁ ስልክ መነካካታችሁንም ያያል። ያኔ ኩባንያው እኩዮቻችሁን ትቶ እናንተን ማየት ይጀምራል።

ከመፈረማችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ።

"ውጤቴ መጥፎ ከሆነ አረቦኔ ይጨምራል ወይስ ቅናሹን ብቻ ነው የማጣው?" መልሱ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። የሚጨምር ከሆነና አነዳዳችሁን የምትጠራጠሩ ከሆነ ይቅርባችሁ።

"የሌሊት ሰዓት ገደብ አለ?" የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ሳጥን ጠላታችሁ ሊሆን ይችላል።

"መረጃውን ሌላ ማን ያየዋል? ለምን ያህል ጊዜስ ይቀመጣል?" የት እንደዋላችሁና የት እንዳመሻችሁ የሚያውቅ ዕቃ ነው። የምትሰጡትን አውቃችሁ ስጡ።

"ውሉን ባቋርጥ ሳጥኑን ማስነሳት ያስከፍላል?"

ውጤቱን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ፍጥነት ሳይሆን ፍሬን ነው። ደንገጥ ያለ ፍሬን ማለት ከፊት ካለው መኪና ጋር ተጠጋግታችሁ ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱ ርቀት መጠበቅ ነው። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፤ እናንተ ምሰሶው ጋ እስክትደርሱ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ፣ በዝናብ ደግሞ አራት ሰከንድ ይለፍ። መብራት ሲቀላ ከሩቅ ካያችሁ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱና መኪናው ራሱ ይቀዝቅዝ። ይህን አንድ ወር ብታደርጉ ውጤታችሁ ሲሻሻል ታያላችሁ። ነዳጅም ይተርፋችኋል።

አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ የተሳፈራችሁበትን ጉዞ ፈትሹ። አፑ እናንተ እንደነዳችሁ አድርጎ የታክሲ ሹፌርን ጥፋት ሊመዘግብባችሁ ይችላል። ብዙዎቹ አፖች "ተሳፋሪ ነበርኩ" የሚል ምርጫ አላቸው። በየሳምንቱ ግቡና አስተካክሉ፣ የሰው ዳፋ ይበቃችኋል።

እርምጃ 6፦ ኪሎ ሜትራችሁን እወቁ

ብዙ ሰው በዓመት ስንት እንደሚነዳ ሲጠየቅ ከራሱ ያወጣል። አብዛኛው አብዝቶ ይገምትና ለማይነዳው ይከፍላል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዛሬ ፎቶ አንሱት፣ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና አንሱት። ልዩነቱን በ12 አባዙ፤ ለበዓልና ለረጅም ጉዞ ትንሽ ጨምሩበት። ትክክለኛው ቁጥር ያ ነው። ዝቅ ካለ ለኩባንያው ንገሩ። በጣም ትንሽ የምትነዱ ከሆነ በኪሎ ሜትር የሚከፈልበት ውል መኖሩን ጠይቁ።

እርምጃ 7፦ የራስ ድርሻችሁን አስልታችሁ ከፍ አድርጉ

የራስ ድርሻ፣ ብዙዎች ኤክሰስ የሚሉት፣ አደጋ ሲደርስ ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት የመጀመሪያ ክፍል ነው። ከፍ ባለ መጠን አረቦኑ ይወርዳል። እንበል የራስ ድርሻችሁን ከ5 ወደ 10 ብታሳድጉ አረቦኑ በዓመት በ1 ይቀንሳል። አደጋ ከደረሰ ግን 5 ተጨማሪ ትከፍላላችሁ። ትርፋችሁ የሚጀምረው እንግዲህ አምስት ዓመት ያለ አደጋ ስትነዱ ነው። ቅናሹ 2 ቢሆን ኖሮ ሁለት ዓመት ተኩል ይበቃ ነበር። ይህን ክፍፍል ሳትሠሩ እሺ አትበሉ።

ለወጣት አሽከርካሪ ብቻ የሚጨመር የግዴታ ድርሻ ያለበት ውልም አለ። እናንተ በፈቃዳችሁ ያሳደጋችሁት በዚያ ላይ ይደመራል። ድምሩን ነገ ጠዋት መክፈል ካልቻላችሁ ያ ሽፋን የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

እርምጃ 8፦ ያለ ካሳ የቆያችሁባቸውን ዓመታት እንደ ቁጠባ ያዙ

ካሳ ሳትጠይቁ ያለፈ እያንዳንዱ ዓመት ቅናሽ ያመጣል። ብዙዎች "ኖ ክሌም" ይሉታል። ወጣት ሲጀምር ባዶ እጁን ነው፣ ይህን ቅናሽ ለማግኘት ደግሞ ከጊዜ በቀር መንገድ የለም።

የፈረንሳይ አሠራር ግልጽ ስለሆነ እሱን ልጥቀስ። ሁሉም ሰው በ1 ይጀምራል። ያለ ጥፋት ባለፈ ዓመት ቁጥሩ በ0.95 ይባዛል፤ ጥፋተኛ በሆናችሁበት በእያንዳንዱ አደጋ ደግሞ በ1.25 ይባዛል። አረቦናችሁ በዚህ ቁጥር ነው የሚባዛው። ዝቅተኛው 0.50 ነው፣ ለመድረስ 13 ዓመት ይወስዳል። አንድ ጥፋት 25 በመቶ ይጨምራል፤ አንድ መልካም ዓመት ግን የሚቀንሰው 5 በመቶ ብቻ ነው። መውጣቱ በደረጃ፣ መውረዱ በገደል ነው። ደግነቱ ሁለት ተከታታይ ዓመት ያለ ጥፋት ካለፉ ቁጥሩ ከ1 በላይ አይቆይም።

እዚያው ፈረንሳይ አዲስ አሽከርካሪ ላይ እስከ 100 በመቶ ጭማሪ ይጣላል። ከ15 ዓመቱ ጀምሮ ከአዋቂ ጋር እየነዳ የተለማመደ ግን ከፍተኛው ጭማሪ 50 በመቶ ነው። ጥፋት በሌለበት በየዓመቱ ደግሞ ጭማሪው በግማሽ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ከአዋቂ ጋር የመንዳት ፕሮግራም ባላችሁበት አገር ካለና መንጃ ፈቃድ ገና ካላወጣችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ምክር በላይ ገንዘብ የሚያተርፍላችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መከላከያችሁን ግንብ ቢጭረው ካሳ ትጠይቃላችሁ? አስሉ። የጥገናው ዋጋ፣ ሲቀነስ የራስ ድርሻ፤ የሚቀረው ካሳ በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ከምታጡት ቅናሽ ካነሰ፣ ከኪሳችሁ አስጠግኑ። ሌላ ሰው ያለበት ግጭት ግን የተለየ ነው። መንገድ ላይ "በመሃላችን እንጨርሰው" ብሎ የተስማማ ሰው በሳምንቱ አንገቴን አመመኝ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ውል ካሳ ባትጠይቁም አደጋውን እንድታሳውቁ ያስገድዳል። አሳውቁ፤ ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ሁለት ናቸው።

የትራፊክ ቅጣትም በዚሁ መዝገብ ላይ ነው የሚያርፈው። በብሪታንያ አዲስ አሽከርካሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 6 የቅጣት ነጥብ ከተመዘገበበት መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። እየነዱ ስልክ መያዝ ብቻውን እዚያ 6 ነጥብ ያስቆጥራል። አንድ መልእክት ለመመለስ ማለት ነው።

እርምጃ 9፦ ትናንሽ ቅናሾችን ልቀሙ

ተማሪ ናችሁ? በአሜሪካ ብዙ ኩባንያዎች አማካይ ውጤቱ ቢ እና ከዚያ በላይ ለሆነ ተማሪ ቅናሽ ያደርጋሉ። ትራንስክሪፕት ይዛችሁ ጠይቁ። ለትምህርት ራቅ ብላችሁ ሄዳችሁ መኪናው ቤት ከቀረም ቅናሽ ሊኖር ይችላል።

አደጋን አስቀድሞ የመከላከል አነዳድ ኮርስ ጥሩ ነው፤ ግን ለኮርሱ ከመክፈላችሁ በፊት "የትኛውን ሰርተፊኬት ትቀበላላችሁ?" ብላችሁ ኩባንያውን ጠይቁ። ኮርሱን ጨርሶ ቅናሽ የተከለከለ ጓደኛ አለኝ። አነዳዱ ተሻሽሏል፣ ልቡ ግን አልተጽናናም።

መኪናዋ የት እንደምታድር፣ ጂፒኤስ መከታተያ እንዳላት፣ ቤተሰቡ በዚያው ኩባንያ ሌላ ውል እንዳለው ንገሯቸው። ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

እርምጃ 10፦ አከፋፈሉን ተመልከቱ

በየወሩ መክፈል ብዙ ጊዜ ብድር ነው፤ ወለድ አለው። የወሩን ክፍያ በ12 አባዙና ከዓመቱ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ የወለዱ ዋጋ ነው። ዘንድሮ ባትችሉ እንኳ ለሚቀጥለው ዓመት በየወሩ ለራሳችሁ አስቀምጡና በአንዴ ክፈሉ።

እርምጃ 11፦ ከተጠራጣሪ ርካሽ ሽፋን ሽሹ

ወጣቶች ዋጋ እንደከበዳቸው አጭበርባሪዎች ያውቃሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ "በግማሽ ዋጋ ኢንሹራንስ እናወጣለን" የሚሉ ደላሎች አሉ። አንዳንዱ ፎርጅድ ወረቀት ይሰጣል። ሌላው እውነተኛ ውል ያስገባና ዕድሜያችሁን ወይም አድራሻችሁን ዋሽቶ ይሞላል። ሌላው ደግሞ ውሉን ገዝቶ ወዲያው ይሰርዝና ተመላሹን ይወስዳል። የምታውቁት ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ወይም አደጋ ሲደርስ ነው። ወረቀት ስትቀበሉ ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። የኩባንያውን ስልክ ራሳችሁ ፈልጉና የውል ቁጥራችሁን አንብቡላቸው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

በራሳችሁ እጅ ቅጽ ስትሞሉም ያው ነው። በውሸት ምክንያት ውል የተሰረዘበት ሰው በሚቀጥሉት ዓመታት በየኩባንያው "ውልዎ ተሰርዞ ያውቃል?" ሲባል አዎ ማለት አለበት። ያ አንድ አዎ ከዕድሜ የባሰ ያስከፍላል። ሥራችሁን ግን እውነት ሆኖ በሚገልጸው ትክክለኛ ቃል መሙላት ይቻላል። አንድ ዓይነት ሥራ በሁለት ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ ሁለቱም እውነት ከሆኑ የረከሰውን ያዙ።

እርምጃ 12፦ በዓመት መሃል ደውሉ

ሰፈር ቀየራችሁ? ሥራችሁ ከቤት ሆነ? መኪናዋ አሁን ግቢ ውስጥ ታድራለች? ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ለውጡ ዋጋ ሊያወርድ ይችላል፤ የሚያስጨምር ቢሆንም አለማሳወቅ ውሉን አደጋ ላይ ይጥላል። የማስተካከያ ክፍያ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አንዳንዴ ቅናሹን ይበላዋል።

መኪናዋን ስትሸጡ ወይም ኩባንያ ስትቀይሩ፣ ስንት ዓመት ያለ ካሳ እንደነዳችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፉ። ስማችሁ፣ የውሉ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን፣ የካሳ ብዛት "ዜሮ" ተብሎ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ደብዳቤው ዕድሜ አለው። በብሪታንያ ለምሳሌ ብዙ ኩባንያዎች ከሁለት ዓመት በላይ ሳይሠራበት የቆየን ቅናሽ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ሌላ መኪና እስክትገዙ ረጅም ጊዜ የሚወስድባችሁ ከሆነ በቤተሰብ ውል ላይ መቆየት የሚጠብቅላችሁ መሆኑን ጠይቁ። ዋናውን ፋይል ውስጥ አስገቡት፣ ፎቶውን ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት።